ስልኩን ከእጇ አትውሰጂባት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በሰው አገር በሰው ቤት የምታገለግሉ የተወደዳችሁ እኅቶቼ፣ ዛሬ ላጫውታችሁ የወደድሁት ስለ መምህራንና ስለ አዲስ መሣሪያ ነው። «እኛ የሰው ቤት ሠራተኞች ነን፤ የመምህራን ጉዳይ ምናችን ነው?» የምትል እኅት ብትኖር ጥቂት ትታገሠኝ፤ ነገሩ ዞሮ ወደ እኛው፣ በእጃችን ወዳለው ስልክ ይመጣል።

እኔ አገሬ ሳለሁ መምህርት ነበርሁ። ዛሬ የምኖረው በሪያድ ከተማ ሹመይሲ በተባለው ሰፈር ነው። ሹመይሲ ሲባል ብዙዎቻችሁ የምትደነግጡት ከጅዳ ወደ መካ መንገድ ላይ ያለውን ማቆያ አስባችሁ ነው፤ እርሱ ሌላ ነው። የሪያዱ ሹመይሲ የቆየ ሰፈር ነው፤ ሲያመን የምንሄድበት፣ በተለምዶ ሹመይሲ ሆስፒታል የምንለው የንጉሥ ሳዑድ ሜዲካል ሲቲ የሚገኝበት።

በአገሬ በጥቁር ሰሌዳ ፊትም ሆነ በዚህ ቤት ውስጥ አንድ ነገር ደጋግሜ አይቻለሁ። አዲስ መሣሪያ ሲመጣ መምህር አጠቃቀሙን የሚማረው ከመሣሪያው አይደለም፤ ከመመሪያ ወረቀቱም እምብዛም አይደለም። የሚማረው ከሙያ ባልደረባው ነው። ይህም የሚሆነው ጠያቂው ሳያፍር ሲጠይቅ፣ አስተማሪውም ነገሩን በተማሪው ወንበር ተቀምጦ ሲያየው ነው።

ፕላዝማ የመጣ ጊዜ

በ1997 ዓ.ም. በአገራችን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በሳተላይት የሚተላለፍ የቴሌቪዥን ትምህርት ተጀመረ። በዚያን ዘመን ዘጠነኛ ክፍልና ከዚያ በላይ የተማራችሁ እኅቶች «ፕላዝማ» ሲባል ወዲያው ትዝ ይላችኋል። በሣጥን ተቆልፎ ከሰሌዳው አጠገብ የሚቀመጠው ትልቅ ቴሌቪዥን ነው። ከዚያ አስቀድሞም ከደርግ ዘመን በፊት ጀምሮ ትምህርት በሬዲዮ ነበረ፤ ነገር ግን የፕላዝማን ያህል ክፍሉን የያዘ መሣሪያ አልነበረም።

ትምህርቱ የተዘጋጀው በደቡብ አፍሪካ ሲሆን ቋንቋው እንግሊዝኛ ነበር። እንደ ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ ያሉት ትምህርቶች በዚያ ይሰጡ ነበር። በሳተላይት ሲለቀቅ በመላው አገሪቱ ያሉ ክፍሎች በአንድ ሰዓት አንድ ዓይነት ትምህርት ያያሉ። ከክፍለ ጊዜው 30 ደቂቃ ያህሉ የፕላዝማው ነው። ለመምህሩ የሚቀረው መግቢያው ላይ ጥቂት፣ መውጫው ላይ ጥቂት ደቂቃ ነበር። ተማሪ «አልገባኝም» ብሎ እጁን ቢያወጣ ፕላዝማው አይቆምለትም። መብራት ከጠፋም ያለፈው አለፈ ማለት ነው።

እኔ በማግሥቱ ዓመት በወሎ በአንዲት የወረዳ ከተማ ባዮሎጂ ለማስተማር ተመደብሁ። ስለ መሣሪያው ለመምህራን የተነገረው ማብራትና ማጥፋት፣ ሣጥኑንም መቆለፍ ነበር። ብዙዎቹ መምህራን «እንግዲህ ሥራችን ማብሪያና ማጥፊያ መጫን ሆነ» እያሉ ያዝኑ ነበር። መሣሪያው ግን ጥቅም አልነበረውም ለማለት አይቻልም። በጠመኔ ሥዬ ላሳየው የማልችለውን የልብ ምት በስክሪኑ ላይ ተማሪዎቼ ሲያዩ ዓይናቸው ይፈካ ነበር። የጎደለው ነገር በመሣሪያውና በልጁ መካከል የሚቆም ሰው ነበር።

መላው የተገኘው ከመምህራን ማረፊያ ክፍል ነው። ጡረታቸው የተቃረበ፣ ሁላችን «ጋሼ» የምንላቸው የባዮሎጂ መምህር ነበሩ። ሪሞቱን መንካት አይወዱም ነበር፤ ክፍል መያዝ ግን ያውቁበታል። አንድ ቀን «እስቲ ትርፍ ክፍለ ጊዜ ያለን ሰዎች አንዳችን ሌላችን ክፍል ገብተን ከኋላ ወንበር እንቀመጥ» አሉ። ራሳቸው ቀድመው ገቡ፤ ጉልበታቸውን አጥፈው ከልጆቹ ጋር ተቀመጡ። ሲወጡም «ከኋላ ጽሑፉ አይነበብም፤ ሴትዮዋ ስትናገርም አንዷን ቃል ሳንይዝ ሦስተኛዋ ታልፋለች። ልጆቹ ሰነፍ ሆነው አይደለም» አሉን።

ከዚያ በኋላ ሥራው መልክ ያዘ። ዓይናቸው የሚደክም ልጆች ወደ ፊት መጡ። ምዕራፎቹን ተከፋፍለን እያንዳንዳችን በየትምህርቱ የሚመጡትን ከባድ የእንግሊዝኛ ቃላት ከነአማርኛ ትርጉማቸው ጻፍን። በመግቢያዋ ጥቂት ደቂቃ ቃላቱን እናስተምራለን፤ በመውጫዋ አንድ ጥያቄ እንጠይቃለን። መብራት ለጠፋ ቀን የምትሆን አንድ ገጽ ማስታወሻም አዘጋጀን። ወጣቶቹ መምህራን ለጋሼ ድምፅ ማስተካከሉን አሳዩአቸው፤ እርሳቸው ደግሞ ከ60 በላይ ተማሪ በያዘ ክፍል ውስጥ ማን እንደገባውና ማን እንደጠፋበት ከፊት ለይቶ ማወቅን አስተማሩን። ዓመቱ ሲያልቅ ስለ ማብሪያና ማጥፊያ የሚያማርር ሰው ቀነሰ። መሣሪያው ያው ነበር፤ የተለወጠው የእኛ አቀማመጥ ነው።

መንግሥትም የመምህራንን አብሮ መማር በመመሪያ ይዞታል። መምህራን ተሙማ እያልን የምንጠራው ተከታታይ የሙያ ማሻሻያ ማለት ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው ማዕቀፍ አንድ መምህር በዓመት 60 ሰዓት ለዚህ እንዲያውል፣ አዲስ ተቀጣሪም ለሁለት ዓመት በነባር መምህር እየተረዳ ሥራውን እንዲለምድ ይላል። ሐሳቡ መልካም ነው። ሰዓቱ ቅጽ ለመሙላት ብቻ ሲውል ግን ፍሬ አይሰጥም፤ እንደ ጋሼ የኋላ ወንበር ላይ ሲውል ነው ፍሬ የሚያፈራው።

መቁረጥ መጨረሻ ይመጣል

ጂን ሌቭ እና ኤቲየን ዌንገር የተባሉ ሁለት ምሁራን እ.ኤ.አ. በ1991 ባሳተሙት መጽሐፍ ሰዎች ሙያ የሚማሩት እንዴት እንደሆነ አሳይተዋል። ምሳሌ ያደረጉት ዩኒቨርሲቲን አይደለም። የላይቤሪያን ልብስ ሰፊዎችና የሜክሲኮን የልምድ አዋላጆች ነው። በላይቤሪያ ልብስ ስፌት የሚማር ልጅ መጀመሪያ መቀስ አይሰጠውም። ቁልፍ በመትከልና ጠርዝ በመስፋት ይጀምራል፤ ቀጥሎ መገጣጠም ይማራል፤ ጨርቅ መቁረጥ መጨረሻ ይመጣል። ቁልፍ ቢበላሽ ተፈትቶ ይተከላል፤ ጨርቅ ያለ ልክ ከተቆረጠ ግን ኪሳራ ነው። ልጁም የሚማረው ከሚሠሩ ሰዎች መካከል ተቀምጦ እያየና እየሠራ ነው።

ይህን ለኛ ማስረዳት አያስፈልግም ነበር። እንጀራ መጋገር ማን አስተማረን? እናታችን ምጣዱን ለብቻችን ትታልን አልሄደችም፤ ሊጡንም መጀመሪያ ቀን አላስያዘችንም። እሳት ማቀጣጠል፣ ምጣድ ማሰስ፣ ከዚያ ትንሿን እንጎቻ መጋገር። ዛሬ በብዙ አገር ያሉ መምህራን ኮምፒዩተርና ስልክ ለማስተማሪያ ማዋልን የሚማሩት በዚሁ በጥንቱ መንገድ ነው።

ማዳሜና መድረሰቲ

እኔ ከደመወዜ ጋር ኑሮ አልገጥም ብሎኝ በ2011 ዓ.ም. ወደዚህ መጣሁ። በ2012 ዓ.ም. የካቲት 30 ቀን በኮሮና ምክንያት በዚህ አገር ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። መጋቢት 7 ቀን በአገራችንም ተዘጉ። በአዲስ አበባ ማስታወሻና ጥያቄ በቴሌግራም ይላክ ጀመር፤ ሬዲዮና ቴሌቪዥንም ሥራ በዛባቸው። በዚህ አገር ደግሞ ነሐሴ ላይ አዲሱ የትምህርት ዘመን ሲከፈት «መድረሰቲ» የተባለ መድረክ ወጣ። ትርጉሙ «ትምህርት ቤቴ» ማለት ነው። ሕፃናቱ በዚሁ መድረክ ከቤት ሆነው ይማሩ ነበር፤ የአንደኛ ደረጃ ልጆች ወደ ክፍል የተመለሱት በጥር 2014 ዓ.ም. ነው። በዚያ ጊዜ በዚህ አገር የነበራችሁ እኅቶች ታስታውሳላችሁ፤ ሕፃኑን ከእንቅልፍ ቀስቅሶ፣ ቁርስ አብልቶ፣ ከታብሌቱ ፊት ያስቀምጥ የነበረው ማን ነበር? እኛው ነን።

ማዳሜ የሴት ልጆች አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህርት ናት። ዓመታት ያስተማረች ናት፤ ነገር ግን ያን ሰሞን ማታ ማታ ኮምፒዩተሯን ይዛ ስትጨነቅ አያት ነበር። የትምህርት ቤቷ መምህራን የዋትስአፕ ግሩፕ አላቸው። ከመካከላቸው አንዲት ወጣት የኮምፒዩተር መምህርት ነበረች፤ በየማታው አጭር ቪዲዮ እያዘጋጀች ትልክላቸዋለች። ትልልቆቹም «አልገባኝም፣ ድገሚልን» እያሉ በድምፅ ይመልሳሉ። ሳቃቸው እስከ ወጥ ቤት ይሰማ ነበር። እኔም የኛን የመምህራን ማረፊያ ክፍል አስታወስሁ።

አንድ ማታ ማዳሜ ጠራችኝና ታብሌቱን ሰጥታ ወደ ልጆቹ ክፍል ሰደደችኝ። እርሷ መጅሊስ ተቀምጣ ልታስተምር፣ እኔ ተማሪ ልሆን ነው። «ይሰማሻል?» አለች። «ድምፅሽ ይመጣል፤ ሰሌዳው ግን ጥቁር ነው» አልኋት። አስተካከለች። «አሁንስ?» አለች። «ታየኝ፤ ግን ጽሑፉ ለስምንት ዓመት ልጅ ያንሳል፤ ስትገልጪም አንዱን ገጽ ሳልጨርስ ሌላው ይመጣል» አልኋት። ዝም አለች። ከዚያ ተነሥታ መጣችና በሩ ላይ ቆማ ይህን እንዴት እንዳወቅሁ ጠየቀችኝ። መምህርት እንደነበርሁ ነገርኋት።

ከዚያ ዕለት በኋላ ሁልጊዜ ማታ ከመተኛቷ በፊት አሥር ደቂቃ «ተማሪ» እሆንላት ነበር። በግሩፑ ላይ ላሉት ባልደረቦቿም ነገረቻቸውና አንዷ እኅቷን፣ ሌላዋ ልጇን በተማሪው በኩል አስቀምጠው ይሞክሩ ጀመር። አንዳንዴም «አብላ» ትለኝ ነበር፤ በዚህ አገር ተማሪዎች መምህርታቸውን የሚጠሩበት ስም ነው። ደመወዜ አልጨመረም፤ የሚጠረገው ቤትም አልቀነሰም። ነገር ግን በሙያዬ ስጠራ ከስንት ጊዜ በኋላ ነው! እኅቶቼ፣ በሰው ቤት ስንኖር ያወቅነው ሁሉ ከሻንጣችን ጋር አልጋ ሥር የገባ ይመስለናል። አልጠፋም፤ የሚጠይቀው ሰው ይፈልጋል።

አራት መምህራን በስልክ

ይህ ካለፈ በኋላ «ለማዳም ልጆች የሆነው ለእኅቶቻችን ለምን አይሆንም?» የሚል ሐሳብ መጣልኝ። በሹመይሲ፣ በበጥሃና በመንፉሃ አካባቢ በየቤቱ ያለን አራት ሴቶች ተገናኘን። አንዷ መዋዕለ ሕፃናት፣ አንዷ ሰንበት ትምህርት ቤት፣ አንዷ የጎልማሶች መሠረተ ትምህርት ያስተማሩ ናቸው፤ አራተኛዋ እኔ ነኝ። ፊደል ያልቆጠሩ ሰባት እኅቶችን በስልክ ለማስተማር ተነሣን። ለሰባቱ አንድ ግሩፕ አበጀን፤ ለአራታችን ደግሞ ሌላ። በእኛው ግሩፕ ውስጥ ያለው ወሬ «እንዴት እናስተምር?» የሚል ብቻ ነው።

እዚያ የተማማርነው ብዙ ነው። የሰንበት ትምህርት ቤቷ እኅት «በድምፅ ብቻ ከላክን ሀ፣ ሐ እና ኀ አይለዩም፤ ሰ እና ሠም እንዲሁ። ስለዚህ ሁልጊዜ መልኩ ቀድሞ ድምፁ ይከተል» አለችን። የመዋዕለ ሕፃናቷ እኅት ወረቀቱን በጠረጴዛ ላይ ሳይሆን በግድግዳ ላይ ለጥፈን ብናነሣው የእጃችን ጥላ እንደማያርፍበት አሳየችን። ጎልማሶችን ያስተማረችው እኅት ደግሞ ከሀ ሁ አስቀድማ የእያንዳንዷን ተማሪ ስም በትልቁ ጽፋ ላከችላቸው፤ ሰው የራሱን ስም ለማንበብ ይቸኩላልና። ድምፃችን ከአንድ ደቂቃ እንዳይበልጥም ተስማማን፤ ዕቃ እያጠበች የምትሰማ ሴት ረጅም ነገር አትይዝም፣ የኢንተርኔት ጥቅሏም ያልቅባታል። እንደ ጋሼም አደረግን፤ አንዳችን ስናስተምር ሌላዋ እንደ ተማሪ ሆና ትከታተላለች፤ ቀጥላም ያየችውን ለብቻ ትነግራለች።

ከሰባቱ አንዷን ልንገራችሁ። የ12 ዓመት ልጅ አገር ቤት አለቻት። ልጅቷ በስልክ በአማርኛ ትጽፍላታለች፤ ለእናትዮዋ የሚያነብላት ግን ሌላ ሰው ነበር። አንባቢዎቹ እንዳታዝን ብለው ከባዱን ነገር ይዘሉላት ነበር። ፊደል ከጀመረች ከወራት በኋላ በአንድ ሌሊት የልጇን መልእክት ጣቷን እያስከተለች ለብቻዋ አነበበች። ልጅቷ የደብተር መግዣ በእጇ ስላልደረሳት ከትምህርት ቤት መቅረቷን ጽፋ ነበር። እናት በዚያው ሌሊት ደወለች፤ በሳምንቱ ልጅቷ ክፍል ገባች። አራታችንም ይህን ስንሰማ ያ ሁሉ ማታ የተነጋገርንበት የወረቀትና የጥላ ነገር ከንቱ እንዳልነበረ አየን።

ጵርስቅላን እናስብ

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 18 ላይ የተጻፈውን ታሪክ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። አጵሎስ የእስክንድርያ ሰው ነበረ፤ የተማረ፣ አንደበተ ርቱዕም ነበረ። ነገር ግን የሚያውቀው እስከ ዮሐንስ ጥምቀት ድረስ ነበረ። ያልደረሰበትን ያስረዱት እነማን ናቸው? ጵርስቅላና አቂላ ናቸው። እነዚህ ባልና ሚስት በእጃቸው ድንኳን እየሰፉ የሚኖሩ፣ በንጉሡ በቀላውዴዎስ ትእዛዝ ከሮም የወጡ ስደተኞች ነበሩ። አጵሎስን በጉባኤ መካከል አላሳፈሩትም፤ ወደ እነርሱ ወስደው በፍቅር አስረዱት። እርሱም «ድንኳን ሰፊዎች ምን ያስተምሩኛል?» አላለም። መምህር ከሠራተኛ እጅ ተማረ፤ ቤተ ክርስቲያንም ተጠቀመች። እኛም ስደተኞችና በእጃችን የምንሠራ ነን፤ ስለዚህ ይህ ታሪክ ለእኛ ቅርብ ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

ዛሬ በዚህ አገር የቤት ሠራተኛ ውል ሙሳነድ በተባለው መድረክ ይመዘገባል፤ ደመወዝም በባንክና በስልክ መክፈል እየተለመደ ነው። ስልኳን የማታውቅ እኅት የገዛ ላቧን ዋጋ በሌላ ሰው ዓይን ታያለች። ስለዚህ የምታውቁ እኅቶች ለማታውቀው አስተምሩ። ስታስተምሩም እነዚህን አስቡ።

አንደኛ፣ ስልኩን ከእጇ አትውሰጂባት። «አምጪው እኔ ላድርግልሽ» ያልሻት ቀን ሥራው ያልቃል፤ እርሷ ግን ነገም ትመጣለች። ስልኩ በእጇ ይሁን፤ አንቺ በአፍሽ ምሪያት፤ ጣቷ ይሳሳት፣ ይመለስም።

ሁለተኛ፣ ከቁልፍ መትከል ጀምሪ። መጀመሪያ ድምፅ መላክ፣ ፎቶ መላክ፣ መልእክት ማንበብ ይሁን። ገንዘብ ማስተላለፍ እንደ ጨርቅ መቁረጥ ነው፤ መጨረሻ ይምጣ። የምሥጢር ቁጥሯን ግን ከአንቺም ጭምር ትሰውር። ቁጥሩን ስትነካ ፊትሽን አዙሪ፤ ይህም ራሱ ትምህርት ነው።

ሦስተኛ፣ በእርሷ ወንበር ተቀመጪ። ከአንቺ ስልክ የሚታየው ሁሉ ከእርሷ ስልክ አይታይም። የእርሷ አሮጌ ሊሆን ይችላል፤ ስክሪኑም የተሰነጠቀ፣ ቋንቋው ዐረብኛ ሊሆን ይችላል። መጀመሪያ «ምን ይታይሻል?» ብለሽ ጠይቂያት።

አራተኛ፣ የምትኖሪበትን ቤት አክብሪ። የአሠሪዎችን ልጆችና የቤቱን ውስጥ በፎቶም በቪዲዮም አትላኩ። ለትምህርት ወረቀትና ግድግዳ ይበቃል።

አምስተኛ፣ በአገራችሁ ያስተማራችሁ፣ መዋዕለ ሕፃናትም ይሁን ሰንበት ትምህርት ቤት፣ ብቻችሁን አትድከሙ። ሁለትም ሦስትም ሆናችሁ ስለ ማስተማራችሁ ተነጋገሩ። አንዷ ያየችውን ጥላ ሌላዋ ላታየው ትችላለች።

ፊደል ያልቆጠርሽ ወይም ስልኩ ያስቸገረሽ እኅቴ ሆይ፣ አንቺም አትፈሪ። ዓመታት ያስተማረችው የሪያዷ መምህርት ከወጣት ባልደረባዋ ጠይቃ ተማረች፤ ጡረታቸው የደረሰው ጋሼም ሪሞት መያዝን ከልጅ ተማሩ። መጠየቅ የሚያሳፍር ቢሆን ኖሮ እነርሱ ባፈሩ ነበር።

ለጵርስቅላና ለአቂላ ማስተዋልን የሰጠ አምላክ ለእኛም በያለንበት ቤት የምታስረዳ እኅት አያሳጣን፤ እኛንም ለሌላዋ የምንተርፍ ያድርገን። በሰላም ለአገራችን ያብቃን። አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።